ቲኤልኤ ፕላስን ስምንት ወር ከተጠቀምኩ በኋላ

የምሠራው የክፍያ ሲስተም ላይ ነው። የደንበኛውን ጥያቄ ተቀብለን ወደ ባንክ እንልካለን፤ መልሱን ጠብቀን ለደንበኛው እንነግራለን። ሲያወሩት ቀላል ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን መልሱ ይዘገያል። የኛ ሰርቨር ጥያቄውን ደግሞ ይልካል። አልፎ አልፎም ከአንድ ሰው ሒሳብ ብር ሁለቴ ይቆረጣል። ጥቅምት ላይ ይሄ ነገር እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው ቲኤልኤ ፕላስን ያወረድኩት።

ቲኤልኤ ፕላስ የስፔሲፊኬሽን ቋንቋ ነው። የፈጠረው በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኘው ሌስሊ ላምፖርት ነው። ፕሮግራም አይጻፍበትም። ሲስተሙ ከምን እንደሚነሳና በየትኞቹ እርምጃዎች ወዴት ሊሄድ እንደሚችል በሒሳብ ይገለጽበታል። ከዚያ መቼም መፍረስ የሌለበትን ሕግ ትጽፋላችሁ፤ ኢንቫሪያንት ይሉታል። የኔ አንድ መስመር ነበር፦ ለአንድ ክፍያ ብር ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆረጥም። ቲኤልሲ የሚባለው ሞዴል ቼከር ሊፈጠሩ የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ ያስሳል። ሕጉ የፈረሰበት ቦታ ካገኘ እዚያ የደረሰበትን መንገድ ከመነሻው ጀምሮ ያሳያችኋል።

በነጻ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ጃቫ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ዋናው ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኔ ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ነው የምጠቀመው።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። የስህተት መልእክቶቹ ግራ ያጋባሉ። በአንድ እርምጃ ያልተቀየረውን ቫሪያብል እንኳ «አልተቀየረም» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ቲኤልሲ ይቆማል። ፕላስካልን ሳገኝ ቀለለኝ። እሱ ለፕሮግራመር የሚቀርብ አጻጻፍ አለው፤ የጻፋችሁትን ራሱ ወደ ቲኤልኤ ፕላስ ይተረጉመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለቴ መቁረጡን አስተካክለናል ብለን አምነን ነበር። መልስ ሲዘገይ ሰርቨሩ መጀመሪያ ባንኩን «ይህ ክፍያ ደርሶሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አልደረሰም ከተባለ ብቻ በአዲስ መለያ ቁጥር እንደገና ይልካል። ይህንን ሞዴል አድርጌ ሳስኬደው አለፈ። ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ቆይቼ ስመለከተው ግን መላክንና ባንኩ መቀበሉን አንድ እርምጃ አድርጌ ነው የጻፍኩት። በእውነቱ ዓለም በመሃል ኔትወርክ አለ። ለየኋቸው።

ቲኤልሲ በዘጠኝ እርምጃ ሕጉን አፈረሰው። ክው አልኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ገና መንገድ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲጠይቅ ባንኩ «አልደረሰኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሰርቨሩ በአዲስ ቁጥር ይልካል፣ ብር ይቆረጣል። ከዚያ የዘገየው የመጀመሪያው ይደርሳል፣ እንደገና ይቆረጣል። የቡድን መሪያችን ስክሪኑን ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይሄማ ያ መልስ ያጣንለት ቅሬታ ነው» አለች። አንድ ደንበኛ ለወራት ሲያመለክቱ ሎጋችን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ምንም ስህተት አላገኘንም ነበር። መፍትሔው ሲደገም ያንኑ መለያ ቁጥር መላክና ያንኑ ቁጥር ባንኩ ሁለቴ እንዳያስተናግድ ማድረግ ሆነ። ኮዱ ላይ ለውጡ ከሃያ መስመር አይበልጥም።

ቲኤልኤ ፕላስን የጀመረ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ወጥመድ አለ። «ስህተት የለም» የሚለው መልስ ያታልላል። አንድ ጊዜ ባንኩ ብር የሚቆርጥበት እርምጃ ላይ ቅድመ ሁኔታውን ተሳስቼ ስለጻፍኩ እርምጃው ጭራሽ አይደረስበትም ነበር። ምንም ካልተቆረጠ ሁለቴም አይቆረጥም፤ ሕጉ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ የውሸት ሕግ እጽፋለሁ፦ «ብር በጭራሽ አይቆረጥም»። ቲኤልሲ ይህንን ካላፈረሰልኝ ሞዴሌ ባዶ ነው ማለት ነው።

ሌላው ችግር የሁኔታዎቹ ብዛት ነው። በሁለት ደንበኛና በሁለት ሰርቨር ከአንድ ደቂቃ በታች ይጨርሳል። ሦስት በሦስት አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ትቼው ሄድኩ፤ ጠዋት ዲስኩ ሞልቶ አገኘሁት። ስለዚህ ትንሽ ሞዴል ነው የምፈትሸው። ያገኘኋቸው ባጎች (የሲስተም ስህተቶች) ሁሉ በትንሹ የወጡ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ ስፔኩ (በቲኤልኤ ፕላስ የጻፍነው ስፔሲፊኬሽን) እና ኮዱ የተሳሰሩ አይደሉም። ኮዱን የቀየረ ሰው ስፔኩን ካልነካ ማንም አያስታውሰውም። የኛ በመጋቢት ተለያይቶ ያወቅነው በግንቦት ነው። አሁን ኮድ ስንገመግም «ስፔኩ ተነክቷል?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ አድርገነዋል።

አለቆችን ለማሳመን የጠቀመኝ የአማዞን ታሪክ ነው። መሐንዲሶቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንደሚጠቀሙበት በ2015 ጽፈዋል። ዳይናሞዲቢ በሚባለው ዳታቤዛቸው ላይ ያገኙት አንድ ባግ አጭሩ መንገዱ 35 እርምጃ ነበር። ሰው በጭንቅላቱ ይህን ተከትሎ አይደርስበትም።

ተራ የምዝገባ ፎርም ለሚሠራ ሰው ቲኤልኤ ፕላስን አልመክርም፤ ድካሙ አይመለስለትም። ብር፣ ወረፋ፣ ወይም ሁለት ሰርቨር አንድ ዳታ የሚነኩበት ሥራ ካላችሁ ግን አንድ ወር ስጡት። እኔ አሁን የተመላሽ ብሩን ስፔክ እየጻፍኩ ነው። «የተጠየቀ ተመላሽ አንድ ቀን መልስ ያገኛል» የሚለውን ሕግ ቲኤልሲ እስካሁን አላሳለፈልኝም። ሰርቨሩ ዘላለም ምንም ሳያደርግ የሚቀመጥበት መንገድ እያሳየኝ ነው።