ጌሙ ግሩም ነው፣ ላውንቸሩ ግን አስቸጋሪ፦ ከወራት ጨዋታ በኋላ፣ ከደብረ ብርሃን

ይህን ጌም የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል። ዋናውን ታሪክ ጨርሻለሁ፤ የጎን ተልዕኮዎቹንም አብዛኞቹን ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ገና ሳጥኑን ከፍቶ እንደሚያወራ ሰው አይደለም። የኩባንያውን ስም አልጠራም። የማወራው ነገር በብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ጌሞች ላይ ያለ ነው። አንዱን ከጠራሁ ወሬው ስለ እሱ ብቻ ይሆናል።

ጨዋታው ራሱ በጣም ጥሩ ነው። ዓለሙ ሰፊ፣ ታሪኩ የሚይዝ፣ ሙዚቃው የሚያምር። የምጫወተው ባገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ አለው። ሴቲንጉን መካከለኛ ላይ ሳደርገው ሳይንቀራፈፍ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባል። በእነዚያ ምሽቶች ጋቢዬን ደርቤ ተጫውቼዋለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ጨዋታውን ብቻ ገምግም ብትሉኝ ያለ ማመንታት ግዙት እል ነበር።

ችግሩ ጌሙ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ላውንቸር የሚባል ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። ውጭ ያለችው የአክስቴ ልጅ ኮዱን ገዝታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ እዚህ ያለ የባንክ ካርድ ለእንዲህ ዓይነት ግዢ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ኮዱን ለማስገባት ላውንቸሩን መጫን ግድ ነው። ላውንቸሩ አካውንት ክፈት ይላል። ኢሜይል ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ጌሙን በከፈትኩ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ይነጋገራል፤ እሺ ከተባለ ጨዋታው ይጀምራል። ልብ በሉ፣ ጌሙ ከሌላ ሰው ጋር የሚጫወቱበት ክፍል የለውም። ያለነው እኔና ኮምፒውተሩ ብቻ ነን።

ጥሩ ዋይፋይ ያለው ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል። በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀም ሰው ግን በየማታው ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ችግሩ የሚመጣው ኢንተርኔት ሲጠፋ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ላውንቸሩ ቶሎ ይተውና ያለ ኢንተርኔት ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ክፉው መስመሩ ሲደክም ነው። ማታ ሁሉም ዳታ ሲከፍት ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስልኬ ምልክቱን ያሳያል፤ ዳታው ግን አይንቀሳቀስም። ያኔ ላውንቸሩ ኢንተርኔት ያለ መስሎት ይጠብቃል። አንዷ ክብ መሐል ላይ ትሽከረከራለች። ወደ ኦፍላይን የሚወስደው ቁልፍም አይመጣም፣ ምክንያቱም ገና መሞከሩን አልጨረሰም። ያገኘሁት መፍትሔ ይህ ነው፦ ላውንቸሩን ከመክፈቴ በፊት የላፕቶፑን ዋይፋይ ጭራሽ አጠፋለሁ። አስቀድሜ ከፍቼው ከሆነ በታስክ ማናጀር ገብቼ እዘጋዋለሁ፤ ዋይፋዩን አጥፍቼ እንደገና እከፍተዋለሁ። የኩባንያው የእርዳታ ገጽ ላይ ይህን የሚል መስመር አላገኘሁም። እናንተም ጋ እንዲህ ካደረገ ሞክሩት፤ ይሠራል።

ይሁን እንጂ የኦፍላይን ፈቃዱ ዘላቂ አይደለም። ከጊዜ በኋላ ያልቃል፤ ላውንቸሩም እንደገና ግባ ይላል። መቼ እንደሚያልቅ የሚያሳይ ቆጣሪ የለውም። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲያደርግም ላፕቶፑን እንደ አዲስ ማሽን የሚያይበት ጊዜ አለ።

ለገና ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ የደረሰብኝ ይህ ነው። ከመነሳቴ በፊት ማታ ከፍቼው በደንብ ሠርቷል። መንዝ ደርሼ ከበዓሉ ማግስት ላፕቶፑን ስከፍት ላውንቸሩ ፓስወርድ ጠየቀ። ፓስወርዱን ለማረጋገጥ ደግሞ ኢሜይል ላይ የሚላክ ኮድ አለ። ዘመዶቼ ያሉበት ሰፈር ከከተማው ወጣ ይላል፤ ስልክ ለማውራት እንኳ ወደ ጉብታው መውጣት ያስፈልጋል። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

«ከፍለህበታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማንን ነው የምታስፈቅደው?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

እንደ እድል ሆኖ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ዊቸር 3 የሚባል ሌላ ጌም ነበረኝ፣ ከጎግ የተገዛ። ጎግ በ2008 የተከፈተ የፖላንድ የጌም መደብር ነው (የምጠቅሳቸው የጌም ታሪክ ዓመቶችና ወሮች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሚሸጠው መገልበጥን የሚከለክል ቁልፍ ሳይደረግበት ነው፤ ጫኚ ፋይሉን አውርዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። ላውንቸር ቢኖረውም ግዴታ አይደለም። ፋይሉን ያወረድኩት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያለ ጓደኛዬ ቤት፣ የቤት ኢንተርኔት ስላለው ሌሊቱን ሙሉ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ግን ምንም አልጠየቀኝም። የበዓሉን ሰሞን በእሱ አሳለፍኩ፤ የአጎቴም ልጆች ከበውኝ አዩ።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር ሰዓት ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ደክሟል፤ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪም ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ላውንቸሩ ቀኑ ሲዛባ ከሰርቨሩ ጋር አይግባባም፤ የሚሰጠው መልእክት ግን ኢንተርኔትህን ፈትሽ የሚል ነው። ያለ ጥፋቱ ስልኬን ስወቅስ ሰነበትኩ። ቀኑን ማስተካከል በቂ ነው። የሰዓት ባትሪዋን መቀየርም ውድ አይደለም።

ጥሩ ጎኑን ካልነገርኳችሁ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። የክላውድ ሴቭ የሚባለው ነገር ይጠቅማል። የካቲት ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሳስጭን የጨዋታዬ ሂደት ከሰርቨሩ ተመልሶ መጣ። ዲስክ ቢጠፋ፣ ላፕቶፕ ቢሰረቅ፣ አካውንቱ ካለ ጌሙ አለ። ይህን አልክድም። ግን ለብዙ ቀን ኦፍላይን ተጫውቶ ወደ ኦንላይን መመለስ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የላፕቶፑን ሴቭ ልያዝ ወይስ የሰርቨሩን ብሎ ይጠይቃል። ቀኑን በደንብ አይታችሁ አዲሱን ምረጡ። የሴቭ ፎልደሩን ቀድሞ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ይሻላል፤ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ አደርጋለሁ።

ይህ ቅሬታ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ሃፍ ላይፍ 2 በኅዳር 2004 ሲወጣ ዲስኩን ከሱቅ የገዛ ሰው ሁሉ የጌሙ ሠሪ መደብርና ላውንቸር በሆነው በስቲም ላይ በአካውንት እንዲመዘግበው ተገደደ። ሰዉ በጣም ተቆጣ። ዛሬ ስቲምን የሚጠላ ተጫዋች ጥቂት ነው፤ ቅናሹ፣ ገንዘብ መመለሱ፣ ኦፍላይን መክፈት መቻሉ ቁጣውን አበረደው። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ብዙዎቹ ግዴታውን ወስደው ጥቅሙን ተዉት። በ2010 አሳሲንስ ክሪድ 2 በኮምፒውተር ሲወጣ አሳታሚው ዩቢሶፍት ያለማቋረጥ ኢንተርኔት ላይ መሆንን አስገደደ። መስመሩ ከተቆረጠ ጨዋታው ይቆማል። በዚያው መጋቢት ሰርቨሮቹ በጥቃት ሲወድቁ ከፍለው የገዙ ሰዎች መጫወት አቃታቸው። ኩባንያው በ2012 ያንን አሠራር እንደተወ ተናገረ። በዚያው 2012 ግንቦት ዲያብሎ 3 ወጣ፤ ለብቻው የሚጫወት ሰው ሳይቀር ኤረር 37 የሚል፣ ሰርቨሩ ተጨናንቋል ማለት የሆነ ጽሑፍ ፊት ተደቀነ። በ2013 ደግሞ ሲምሲቲ መጣ። ከተማህን ብቻህን ብትገነባም ሰርቨር ያስፈልግሃል ተባለ፤ ሰርቨሮቹ ሸክሙን አልቻሉም። ጨዋታው ያለ ሰርቨር ሊሠራ እንደሚችል አንድ ተጫዋች ፋይሉን ነካክቶ አሳየ። ኦፍላይን የመጣው ከዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር። ኩባንያዎቹ የለወጡት ተጫዋቹ ሲጮህ ብቻ ነው። በራሱ ፈቃድ ቀድሞ ያነሳ አላየሁም። ለዚህ ነው ዝም ማለት የማልፈልገው።

እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ነው። በመስከረም 2024 ለኮምፒውተር ሲወጣ የሶኒ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ግዴታ ሆነ። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ሰው ነው። ኔትወርኩ ደግሞ ኢትዮጵያን አያገለግልም፤ ከሚደግፋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለንበትም። በእንደኛ ዓይነት አገሮች ጌሙ በስቲም ላይ ሳይሸጥ ቀረ። ገንዘብ ይዘህ ብትቀርብ እንኳ አይሸጥልህም ማለት ነው። ሌላው ዓለም መስመር ተቆረጠብኝ ብሎ ሲያማርር እኛ በሩ ላይ ቀረን። ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሶኒም በጥር 2025 በዚህና በሌሎች ጥቂት ጌሞች ላይ አካውንቱን ከግዴታ ወደ ምርጫ ለወጠው።

ከሁሉ የከፋው መጨረሻ ግን የዘ ክሩ ነው። የዩቢሶፍት የመኪና ጨዋታ ነው፤ ለብቻ የሚጫወቱት ታሪክ ነበረው። በመጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ የገዙት ሁሉ ጌማቸው ሞተ። ሮስ ስኮት የሚባል ሰው በዚያ ምክንያት ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ (ጌሞችን መግደል ይቁም) የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው አቤቱታ በሐምሌ 2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። ዩቢሶፍትም ቀደም ብሎ በ2024 ለዘ ክሩ 2 ኦፍላይን እንደሚያዘጋጅ አስታውቋል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ያወጣው ሕግ ደግሞ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ መደብሩ ለገዢው በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል። አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ለዘላለም የምትጠቀምበትን ግን ሕጉ አይነካውም። ሕግ አውጪዎቹ ልዩነቱን በደንብ ያወቁት ይመስለኛል።

በክልላችን ይህ ጉዳይ ከጨዋታ በላይ ይታወቃል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ያኔ እንዲህ ዓይነት ላውንቸር ያለው ጌም የነበረው ሰው ምን ያደርግ ነበር? የኦፍላይን ፈቃዱ ባለቀ ቀን ጌሙም ያበቃል። የጌሙ ሠሪዎች ይህን አስበውት አያውቁም ብዬ አምናለሁ። እኛ ግን ስንገዛ ማሰብ አለብን።

ከተማችን ውስጥ ጌም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረውን፣ ይገለብጡላችኋል። አንዱ ሱቅ ውስጥ ስለዚህ ላውንቸር ስነግረው ልጁ፣ «ብሮ፣ እኔ ጋ ያለው እኮ ምንም አይጠይቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ መክፈል የምፈልገው ለዓመታት የደከሙት ሠራተኞች እንጀራ ስለሆነ ነው። አገራችንም ውስጥ ጌም ለመሥራት የሚፍጨረጨሩ ወጣቶች አሉ፤ ነገ የእነሱ ሥራ እንዲገዛ ከፈለግን ዛሬ መክፈልን መልመድ አለብን። ግን ከፋዩ ከማይከፍለው የባሰ ዕቃ ሲደርሰው ያማል። ስርቆትን ለመከላከል ነው የሚሉት ቁልፍ እዚህ የሚያስቸግረው የከፈለውን ብቻ ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የስቲም ገጹን ወደ ታች አውርዳችሁ የቀኙን ጠርዝ አንብቡ። ሌላ አካውንት የሚያስፈልገው ከሆነ እዚያ ተጽፏል። ያው ጌም ጎግ ላይ ካለ ከዚያ ግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም። ጎግ ላይ ያለ ሁሉ ንጹሕ ነው ብላችሁ ግን አትዝናኑ። በ2021 ሂትማን የተባለው ጌም እዚያ ሲቀርብ ብዙ ነገሩ ኢንተርኔት ይጠይቅ ነበር፤ ገዢዎች በአስተያየት አጥለቀለቁት፣ መደብሩም አወረደው። ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ገጠር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ ላውንቸሩን ኦንላይን ከፍታችሁ አፕዴቱን አስጨርሱ፣ ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ጌሙ እስከ መጨረሻ መከፈቱን እዩ። ለእኔ መንዝ ላይ ይህም አልበቃኝም፤ ቢሆንም ዕድሉን ያሰፋል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለጨዋታው ከ10 ዘጠኝ፤ እዚህ ሰሜን ሸዋ ለምንጠቀመው ለጠቅላላው ዕቃ ግን አምስት። የጌሙ ተከታይ ክፍል እየተሠራ ነው ተብሏል። የአክስቴ ልጅም እሱን ደግሞ ልላክልህ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ያለ ላውንቸር የሚከፈት ከሆነ ብቻ ግዢልኝ ብያታለሁ።