ሊላክ፦ ኮከብ ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት ዓመት ጠብቁት

ይሄ ግምገማ ስድስት ዓመት ዘግይቷል። ቁጥቋጦውን የገዛሁት በ2019 ሜይ ላይ ነው፣ እዚህ ኦሮራ ኮሎራዶ፣ ቤቱን በገዛን በመጀመሪያው ዓመት። ያኔውኑ ጽፌ ቢሆን አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ብጽፍ አንድ። በሦስተኛው ነቅዬ ልጥለው አካፋ ይዤ ወጥቼ ነበር። አሁን አራት እሰጠዋለሁ፣ የተቀነሰችው አንዷም የእሱ ጥፋት አይደለችም።

ለማያውቁት፦ ሊላክ ቀዝቃዛ ክረምት ባለበት አገር በሜይ የሚያብብ ቁጥቋጦ ነው። አበባው በዘለላ ነው የሚመጣው፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ፣ ሮዝ አለው። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ መንገድ ዳር አይታው «ጃካራንዳ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከሩቅ ቀለሙ ያሳስታል፣ አልፈረድኩባትም። ዘመዱ ግን ወይራ ነው። እውነቴን ነው፣ ከወይራ ወገን ነው፣ የኛዋ ጠምበለልም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነች። አንዴ ያሸተተው ሰው በጠምበለሏ ዝምድና አይጠራጠርም። የትውልድ አገሩ የባልካን ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሱቁ ውስጥ በፕላስቲክ ማሰሮ ሆኖ አበባ በአበባ ነበር። እሱን አይቼ ነው የገዛሁት፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ወስጄ የፊት ለፊቱ ሳር መሀል ተከልኩት። በ2020 አንድም አበባ የለም። ሱቁ ደወልኩ። «ሞቷል?» አሉኝ። አልሞተም፣ ቅጠሉማ ጤነኛ ነው። «እንግዲያው ዋስትናው አይሸፍንም» አሉኝ። ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፣ ለዚያውም ለሞተ ብቻ። አዲስ የተተከለ ሊላክ ሥር እስኪይዝና በደንብ እስኪያብብ ሦስት አራት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ይሄን ስትገዙ የሚነግራችሁ የለም። ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮከብ ሰጥተው «ውሸት ነው፣ አያብብም» ብለው የሚጽፉት አብዛኞቹም ልክ እኔ በዚያን ጊዜ የነበርኩበት ቦታ ላይ ናቸው።

2021 ግን ሌላ ነው። ቁጥቋጦው አደገ፣ ተንዠረገገ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ጠቆረ። አበባ ግን ምንም። ለካ ሳሩን በዓመት ሦስት አራቴ ማዳበሪያ እናስረጨዋለን፣ ሊላኩ ደግሞ ሳሩ መሀል ቆሞ ከሳሩ ጋር አብሮ ይበላል። ከማዳበሪያው ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ አይደል? የመጀመሪያው ናይትሮጅን ነው። የሳር ማዳበሪያ እሱን ነው የሚያበዛው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠልና ቀንበጥ ነው የሚያበዛው። ጠግቦ መሥራት የተወ ሰው አስቡ።

እማዬ ያኔ በስልክ ስነግራት በወንጌል ያለችውን በለስ አነሳችብኝ። ሦስት ዓመት ፍሬ አጥቶባት ሊቆርጣት ያለውንና አትክልተኛው ዙሪያዋን ኮትኩቼ ፋንድያ ላድርግላት ብሎ አንድ ዓመት ያስጨመረላትን። እኔም ቃሏን ሰምቼ አንድ ዓመት ጨመርኩለት። ፋንድያውም አልቀረበትም፣ ከሱቅ ሁለት ከረጢት ገዝቼ አፈሰስኩበት። ለበለስ ምናልባት። ለጠገበ ሊላክ ግን በጥጋብ ላይ ጥጋብ ነው።

አሁን ዋናው ጥፋት ጋ ደረስን። በ2021 ኦክቶበር ላይ ሳር የሚያጭድልን ልጅ ግቢውን ለክረምት ሲያስተካክል ሊላኩን እንደ ኳስ አድርጎ ከረከመው። ቆንጆ ነበር። ጉርሻ ሁሉ ጨምሬለታለሁ። የከረከመው ግን የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ነው። ሊላክ የሜይን አበባ የሚሠራው በሜይ አይደለም። የዘንድሮው አበባ እንደረገፈ፣ በጁንና በጁላይ፣ የከርሞውን እምቡጥ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ሠርቶ ይጨርሳል። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ይዞት ይቆያል። በመከር፣ በክረምት ወይም ሜይ ከመግባቱ በፊት ጫፉን የቆረጠ ሰው አበባውን ነው የቆረጠው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን እስካውቀው ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ «ዘንድሮ ለምን አላበበም?» ብሎ ዘንድሮን መመርመር አያዋጣም። ያለፈውን ሰመር አስታውሱ። ማን መቀስ ይዞ ወጣ? ጁላይ ላይ ውሃ አጥቶ ነበር? እዚህ የዴንቨር አካባቢ ደረቅ ነው፣ የሳሩ መርጫ ደግሞ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያርሰው፣ ወደ ሥሩ አይወርድም። እምቡጥ በሚሠራበት ወር የተጠማ ሊላክ ብዙ አይሠራም። አሁን እኔ በሰመር በየአሥር ቀኑ ገደማ ቱቦውን ሥሩ ላይ አድርጌ ቀስ ብሎ እንዲፈስ እተወዋለሁ። በረዶ በጠፋበት ደረቅ ክረምትም በወር አንዴ፣ ሞቅ ባለ ቀን አጠጣዋለሁ። ጎረቤቶቼ በጃንዋሪ ቱቦ ስጎትት እያዩ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ከሰመር ቀጥሎ ተጠያቂው ውርጭ ነው። እዚህ ከእናቶች ቀን፣ ከሜይ ሁለተኛው እሑድ ማለት ነው፣ በፊት ቲማቲም አይተከልም ይባላል፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ዋስትና የለም። በ2022 ልጁ ሳይደርስባቸው የቀሩ ከታች በኩል ያሉ ሰባት ስምንት ዘለላዎች ነበሩኝ፣ እየቆጠርኩ ስጠብቃቸው ነበር። ሜይ 20 እና 21 በረዶ ጣለ። አንድ ቀን ሸሚዝ ለብሰን፣ በማግሥቱ ዛፍ በበረዶ ክብደት ይሰበራል። አንሶላ አለበስኩት፣ አንሶላው ራሱ በረዶ ተሸክሞ ቅርንጫፉን ይዞት ወረደ። ካለበሳችሁት እንጨት አቁማችሁ ከላዩ ከፍ አድርጋችሁ ነው እንጂ እንደ እኔ እንደ ጋቢ ጣል አድርጋችሁ አይደለም።

እምቡጡ በውርጭ መሞቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ከሆነ አልቋል። አበባ እንዳለውም ከፌብሯሪ ጀምሮ ማወቅ ይቻላል፣ ይቺን ከተማርኩ ወዲህ ነገሬ ሁሉ ቀለለኝ። ጫፉ ላይ መንታ ሆነው የተቀመጡ ሁለት እምቡጦች ታያላችሁ። ወፍራምና ድቡልቡል ከሆኑ አበባ ናቸው። ቀጭንና ሹል ከሆኑ ቅጠል ናቸው። እኔ አሁን በክረምት ቡናዬን ይዤ ወጥቼ እቆጥራለሁ፣ ሜይ ሲመጣ አዲስ ነገር አይሆንብኝም።

ከዚያ 2023 መጣ። ማዳበሪያ አቁሜያለሁ፣ መቀስ አልነካውም፣ ሰመሩን አጠጥቼዋለሁ። አበበ ስላችሁ! ማታ መስኮት ስንከፍት ሳሎኑ ድረስ ይሸታል። ባለቤቴ ቆርጣ ለጎረቤት ሁሉ አደለች። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ ላለው ጓደኛዬ ፎቶ ላኩለት፣ እዚያ ሃይላንድ ፓርክ ውስጥ ከ1,200 በላይ የሊላክ ቁጥቋጦ አለ፣ በየሜዩ ፌስቲቫል ያደርጉለታል፣ እሱም «አንዷን ነው?» ብሎ መለሰልኝ። አንዷን ነው፣ አዎ።

በ2024 ደግሞ እንደገና ቀዘቀዘ። ግማሽ እንኳ የለም። ያኔ አልተናደድኩም፣ ግን ገረመኝ፣ ምክንያቱም ምንም አልበደልኩትም ብዬ ነበር። በድያለሁ። አበባው ሲደርቅ እዚያው ትቼው ዘር ቋጥሮ ነበር፣ ቡናማ ዘለላ ሆኖ እስከ ክረምት ቆየ። ዘር መቋጠር ጉልበት ይፈጃል፣ ያ ጉልበት ደግሞ ለከርሞ እምቡጥ የሚሆነው ነው። በጣም ያበበ ሊላክ በሚቀጥለው ዓመት ቀነስ ማድረጉ በራሱም የተለመደ ነው። ስለዚህ አበባው እንደደረቀ ዘለላውን ብቻ ቀንጥሱት፣ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ቀንበጦች ሳትነኩ። ከርሞ የሚያብቡት እነሱ ናቸው። መከርከም የሚያስፈልገው ከሆነም ያው ያኔ ነው፣ አበባው ካለቀ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ።

አሁን ስለ ተጨማሪ ዕቃዎች። በዚህ ቁጥቋጦ ምክንያት ያልገዛሁት ነገር የለም።

አበባ ያበዛል የሚለው ማዳበሪያ፣ መሀለኛው ቁጥር፣ ፎስፈረሱ፣ ትልቅ የሆነው፦ አትግዙ። የኔ አፈር ፎስፈረስ አልጎደለውም ነበር፣ ያወቅኩት ግን ከገዛሁ በኋላ አፈሩን ለኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ልኬ ነው። ቅደም ተከተሉን እናንተ አስተካክሉት።

ኖራ፦ ኢንተርኔቱ ሁሉ «ሊላክ ኖራ ይወዳል» ይላል። ልክ ነው፣ ኮምጣጣ አፈር አይወድም። ምክሩ ግን በአብዛኛው የሚመጣው አፈራቸው ኮምጣጣ ከሆነ የምሥራቅ ግዛቶች ነው። የዴንቨር አካባቢ አፈር ራሱ ኖራማ ነው። ግማሽ ከረጢቱ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ የሚፈልግ ይውሰድ።

የሻጋታ መድኃኒት፦ በኦገስት ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ደንግጬ ገዛሁ። መልክ ያበላሻል እንጂ እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም፣ ያላበበውም በእሱ አይደለም።

የቡና አተላ፦ እማዬ ናት የምታደርገው። ምንም አላመጣም፣ ምንም አልጎዳም፣ እሷን ደስ ብሏታል።

ባልካን ያልኳችሁን አልረሳሁትም። ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ያደገ ዘር ነው፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ውሃ የማይቋጥርበት፣ አፈሩ ብዙም ያልሰባ። እሱን ይፈልጋል። ቢያንስ በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ። የመንገዳችን መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ፣ የእሳቸው ሊላክ ከቤቱ እኩል ያረጀ ነው፣ ድሮ ያብብ ነበር ይላሉ። አጠገቡ የተተከለው ዛፍ ድሮ ችግኝ ነበር፣ አሁን ጥላው ግቢውን ሸፍኖታል። የሊላኩም ግንዶች ክንድ ያካክላሉ፣ የቀረው አበባ ጣሪያው ጋ ነው። እንዲህ ያረጀውን በየዓመቱ ከወፋፍራሞቹ ግንዶች አንድ ሦስተኛውን ከሥር መቁረጥ ነው፣ በሦስት ዓመት ይታደሳል። አምና የመጀመሪያውን ሲሶ ቆረጥንላቸው። ዛፉን ግን እምቢ አሉ፣ ባለቤታቸው የተከሉት ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሱቅ ውስጥ አበባ ስላለው ብላችሁ አትምረጡ። ውርጭ የሚያመሽበት አካባቢ ካላችሁ ከሌሎቹ ሳምንት አሥር ቀን ቀድመው የሚያብቡትን ዝርያዎች ተዉአቸው። ሚስ ኪም የምትባለዋን ጠይቁ። ዘሯ በ1947 ከኮሪያ የመጣ ነው፣ ከተራው ሊላክ ትንሽ ዘግይታ ስለምታብብ ከብዙው ውርጭ ታመልጣለች፣ ቁመቷም ከተራው ያንሳል። እኔ ይሄን ባውቅ እሷን ነበር የምገዛው። የተቀነሰችው ኮከብ የምክሩ ነው፣ የሱቁ ወረቀት ላይ «ሙሉ ፀሐይ፣ መጠነኛ ውሃ» ከሚል ውጪ ምንም የለም። መቼ እንደሚከረከም አንድ መስመር ምን ነበረበት?

እማዬ ቅርንጫፍ ቆርጬ አዲስ አበባ እንድልክላት ትጠይቃለች። ቅጠል ያወጣ ይሆናል እንጂ ሊላክ ረጅም የክረምት ብርድ ካላገኘ አበባው አይሆንለትም፣ የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ለእሱ ብርድ አይባልም። ነገርኳት። «በጥቅምት መጥቶ ይየው» አለችኝ።

ዘንድሮ ደህና አብቧል። አሁን ዘለላው መድረቅ ጀምሯል፣ ቅዳሜ መቀሱን ይዤ እወጣለሁ። ለሳር አጫጁ ልጅም ቁጥቋጦው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ።