ግቡን የሚተው ኤጀንት ወይስ ግብ የሚፈለፍል፦ ለትንሽ ማተሚያ ቤት የትኛው ይገዛ?

አራት ኪሎ ወዳለችው ማተሚያ ቤታችን ብቅ የሚሉ ወዳጆቼ፣ የወረቀትና የቀለም ክምችት እየተከታተለ ራሱን ችሎ ግዢ የሚያዝ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኤጀንት፣ የትኛውን ዓይነት እንደሚገዙ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ በ35,000 ብር የገዛሁት በቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ጽሑፍ አንብቦ ጽሑፍ በሚያወጣ ፕሮግራም፣ የሚሠራውን ነበር። ይህ ዓይነቱ አንድ ዋና ግብ ከተሰጠው ንዑስ ግቦቹን ራሱ ያወጣል። አንድ ማታ የ80 ግራም ወረቀት ዋጋ እንዲያጣራ አዝዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ። የአንዱ አቅራቢ ድረ ገጽ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ጠዋት መዝገቡን ስከፍት «አዲስ ግብ፦ ገጹን በሌላ መንገድ መክፈት» የሚል መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ አገኘሁ። እያንዳንዱ ሙከራ በቶከን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፍን በሚሰባብርባቸው ቁርጥራጮች፣ ይቆጠራል፤ ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በብር ስንት እንደሚመነዘር የታወቀ ነው። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ወደ ብዙ ቶከን ስለሚሰባበር፣ በአማርኛ ማዘዝ በእንግሊዝኛ ከማዘዝ ይበልጥ ያስከፍላል። ሻጩ «የራሳችን ሥራ» ያለኝም፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውና ማንም በነጻ የሚያወርደው ኦቶ ጂፒቲ የተባለ ኤጀንት ስሙ ብቻ ተቀይሮ ነበር።

አሁን የምጠቀምበት ኤጀንት እምነት፣ ፍላጎትና ውጥን በሚባሉ ሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ መነሻው ፈላስፋው ማይክል ብራትማን በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ውጥን ያቀረበው ሐሳብ ነው። ስንት ሪም እንደቀረ የሚያውቀው እምነቱ ነው፤ ርካሽ መግዛትና ቶሎ ማግኘት እርስ በርስ የሚጋጩ ፍላጎቶቹ ናቸው፤ ከእነዚህ መርጦ የወጠነውን ግን እስኪሳካ፣ ወይም እንደማይሳካ እስኪያምን ድረስ ይይዛል፤ ካመነ ይተወዋል። ጄሰን የተባለው የእንዲህ ዓይነት ኤጀንት መሥሪያ ነጻ ስለሆነ ለፕሮግራም አዋቂ 28,000 ብር አንዴ ከፈልኩ፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ያለ ቶከን ይሠራል። ጥገናውም ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ካርቶንን እንደ ሪም ቆጥሮ የማያስፈልግ ወረቀት ሊያዝ ሲል፣ የተሳሳተው እምነት በየትኛው መስመር እንደሆነ አግኝተን በአሥር ደቂቃ አስተካከልነው።

ውጥኑን በየስንት ጊዜው እንደገና እንዲመረምር መወሰን ግን የገዢው ፋንታ ነው። ተመራማሪዎቹ ኪኒ እና ጆርጄፍ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ነገሮች ቀስ ብለው ሲለዋወጡ በውጥኑ የሚጸና ኤጀንት፣ ሲፈጥኑ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚመረምረው በልጦ ተገኝቷል። የእኛ የወረቀት ዋጋ ከፈጣኖቹ ወገን ስለሆነ፣ የእኔው ከማዘዙ በፊት ሁልጊዜ እንዲመረምር አድርጌዋለሁ።

የደንበኛን የተዘበራረቀ ደብዳቤ ለማንበብ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለዚያ ብቻ ከፈለጋችሁት ግን ጥቂት ሒሳብ ሞልታችሁ፣ ሻጩ ፊት የሌለ ድረ ገጽ እንዲከፍት እዘዙትና ስንት ጊዜ እንደሚሞክር ቁጠሩ።