«ኦርጅናል ኤስኤም 57» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ኤሌክትሪክ ጊታር ለምትቀዱ ሁሉ፦ ቴሌግራም ላይ «ኦርጅናል፣ ከአሜሪካ የመጣ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን የሹር ኩባንያ ኤስኤም 57 ማይክ ሳትመዝኑና ሳትሰሙ ብር እንዳትልኩ። ፌኩ በዝቷል።

ሰሞኑን አንድ ጎበዝ ጊታሪስት ዲስቶርሽን (ሻካራው የሮክ ጊታር ድምፅ) አልቀዳ ብሎት ወደምንሰራበት ስቱዲዮ መጣ። መጀመሪያ ጊታሩን ጠርጥሮ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዘውን ክፍል) ሊያስቀይር ነበር። ከዚያ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ሊሸጥ አሰበ። በራሱ አምፕ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ የእሱን ማይክና የእኛን እያቀያየርን ቀዳን። በእኛ ማይክ ወፍራሙ ክር ሲመታ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ፒኩ (መምቻው) ክሩን ሲነካ ጥርት ብሎ ይሰማል። በእሱ ማይክ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ጠጠር ይመስላል። ሻጩ ጋ ሲደውል «የዱባይ ኦርጅናል ነው» አለው፤ ቀጥሎ ብሎክ አደረገው። ልጁ ያንን ብር ያጠራቀመው ሰርግ ላይ እየተጫወተ ነው። በጣም ያናድዳል።

ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ኦርጅናሉ ማይክ የጊታር አምፕ ፊት የሚቆመው በከንቱ አይደለም። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርትዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በፍጥነት ይቀንሳል። ኤስኤም 57 ደግሞ እዚያው አካባቢ ከፍ ያደርጋል። ዲስቶርሽኑ በሙዚቃው መሃል ሳይዋጥ የሚሰማው ለዚህ ነው። ኮፒው መልኩን እንጂ ይህን አልወሰደም።

እንግዲህ ስትገዙ ሚዛን ያዙ። ኦርጅናሉ 284 ግራም ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። በጣም ከቀለለ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፤ ተዉት። ክብደቱ ልክ ነው ማለት ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያ ካለው ኤስኤም 57 አይደለም። ካርቶኑንና ቦርሳውን አትመኑ፤ ለመኮረጅ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። «ሜክሲኮ የተሰራ» የሚል ጽሁፍ ስላያችሁም አትደንግጡ፤ ኦርጅናሉም እዚያ ይሰራል።

ከሁሉ የሚሻለው መስማት ነው። ኦርጅናል ያለው ጓደኛ ጋ ወስዳችሁ ሁለቱን በተመሳሳይ ቦታ ቅዱ። ማይኩን ከአምፑ ጨርቅ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን አውጡት። ልክ መሃሉ ላይ ከሆነ ኦርጅናሉም ስለሚሾል እዚያ ላይ አትፍረዱ። ጌይኑንም (የዲስቶርሽኑን መጠን) ቀነስ አድርጉ። ጌይን ሲበዛ በየትኛውም ማይክ ስለሚድበሰበስ ልዩነቱ ይጠፋባችኋል።

አሜሪካ ውስጥ አዲሱ 100 ዶላር አካባቢ ነው። በብር መንዝሩና የማጓጓዣ ጨምሩበት። «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ብሎ ከዚያ በግማሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ያገለገለ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ማይኩ ጠንካራ ስለሆነ የቆየም ደህና ሊሆን ይችላል።

ብሩ ካልሞላላችሁ ለጊዜው ያለ ማይክ ቅዱ። ሳውንድ ካርዳችሁ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው) ላይ የጊታር መግቢያ ካለ በእሱ አስገቡና በነጻ የሚገኝ የአምፕ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የአምፑን ስፒከር የሚያስመስለውን የካቢኔት ክፍል ግን እንዳታጠፉት፤ ያለ እሱ ዲስቶርሽን ጆሮ ይበሳል።

ፌኩን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ለልምምድ መቅጃ ይሆናችኋል። ከሸጣችሁትም ኮፒ መሆኑን ለገዢው ንገሩት።