ቃሉ የማን፣ ቁልፉ የማን? የኒው ዮርክ ከንቲባ ዕጩዎች አቋም ለአዲስ አበባ መራጭ ሲነጻጸር

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በተካሄደው የኒው ዮርክ ከንቲባ ምርጫ ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች ሦስት ነበሩ፦ ዴሞክራቱ ዞህራን ማምዳኒ፣ በግል የቀረበው የቀድሞ የክፍለ ግዛቱ ገዥ አንድሩ ኩሞ እና ሪፐብሊካኑ ከርቲስ ስሊዋ። ካምፓላ የተወለደው ማምዳኒ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ክርክሩ ያጠነጠነው በቤት ኪራይ፣ በትራንስፖርት፣ በምግብ ዋጋና በጎርፍ ላይ ነበር። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ የኖረ ሰው አራቱንም ያውቃቸዋል። ስለዚህ የሦስቱን አቋም ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ተመሳሳይ ቃል እዚህ ሲገባ ምን እንደደረሰ አያይዘን እናያለን። የኒው ዮርክ ዓመታት በእ.ኤ.አ.፣ የእኛዎቹ በዓመተ ምሕረት ናቸው።

መመዘኛችን አንድ ነው፤ ቃሉን የሚፈጽመው ቁልፍ በማን እጅ ነው? የኒው ዮርክ ከንቲባ ብርቱ ነው፤ ቢሆንም አውቶቡሱም ሆነ የገቢ ግብሩ በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በአልባኒ እጅ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከንቲባን በቀጥታ አንመርጥም። በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ሕዝቡ የምክር ቤት አባላትን ይመርጣል፤ 138 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ከንቲባውን ይሰይማል። የኪራይና የሊዝ ሕጉን የሚያወጣው ግን የፌዴራሉ ፓርላማ ነው። ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው «የሊዝ ሕጉን እቀይራለሁ» ካለ የሌላ ቤት ቁልፍ እያሳየ ነው።

ኪራይ

የማምዳኒ ትልቁ ቃል «ኪራይ ባለበት ይቁም» የሚል ነበር። ቃሉ ግን ሁሉንም ቤት አይመለከትም። የሚነካው ዓመታዊ ጭማሪያቸው በቦርድ የሚወሰንላቸውን 1 ሚሊዮን ያህል አፓርታማዎች ብቻ ነው፤ አብዛኞቹም ከ1974 በፊት በተሠሩ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባላቸው ሕንጻዎች ውስጥ ያሉ ናቸው። በገበያ ዋጋ የተከራየ ሰው ከዚህ ቃል አንድ ሳንቲም አያገኝም። ቁልፉስ? የኪራይ መመሪያ ቦርዱ ዘጠኝ አባላት አሉት፦ ሁለት የተከራይ፣ ሁለት የአከራይ፣ አምስት የሕዝብ ተወካዮች። ዘጠኙንም የሚሾመው ከንቲባው ነው። የአባላቱ የሥራ ዘመን የተፈራረቀ ስለሆነ አዲስ ከንቲባ በገባበት ቀን ሁሉንም አይቀይርም፤ ቦርዱም የአከራዩን የግብር፣ የነዳጅና የኢንሹራንስ ወጪ እንዲያገናዝብ ሕግ ያስገድደዋል። ያም ሆኖ ዜሮ ጭማሪ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቀድሞው ከንቲባ በቢል ደ ብላዚዮ ዘመን በ2015፣ በ2016 እና በ2020 ለአንድ ዓመት ውሎች ተወስኗል። በ2025 ደግሞ ለአንድ ዓመት ውል 3 በመቶ፣ ለሁለት ዓመት 4.5 በመቶ ጭማሪ ጸድቋል።

ኩሞ ዜሮውን ተቃወመ። የሱ ሐሳብ በቁጥጥር ሥር ያሉ ቤቶች ሲለቀቁ በገቢ ተለክተው ይሰጡ፣ ኪራዩ ከተከራዩ ገቢ 30 በመቶ በታች ለሚሆንበት ሰውም አይሰጡ የሚል ነው። ለአንባቢ ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ የገቢ ማረጋገጫውን ማን ያጣራል የሚለው ነው፤ ሕጉን የሚቀይረውም አልባኒ እንጂ ከንቲባው አይደለም። ስሊዋ ያተኮረው በንብረት ግብር ማቅለልና በ2024 መጨረሻ የጸደቀውን፣ በየሰፈሩ ተጨማሪ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደውን የመሬት አጠቃቀም ለውጥ በመቃወም ላይ ነው። የራሱ ግቢ ያለው የስታተን አይላንድ ሰው ይወደዋል፤ ቤት ፈላጊ ወጣት ግን ምንም አያገኝበትም።

የዜሮ ጭማሪ ጉዳቱ በአንድ ዓመት አይታይም፤ ለዚህ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የተሻለ ምስክር የለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆመ። ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ከቤቱ የሚሰበሰበው ብር አንድ ቆርቆሮ እንኳን አያስለውጥም ነበር። ቀበሌው ለጥገና በጀት አልነበረውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ብዙ ለማውጣት ያመነታል፤ አድሳለሁ ቢልም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ጣሪያው ፈሰሰ፣ የጭቃው ግድግዳ አዘመመ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። በመጨረሻ የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ሥራ ሲመጣ «ያረጀ ሰፈር» ተብሎ የፈረሰው ይኸው ቤት ነው። ኒው ዮርክም ምልክቱ አለ፤ በ2019 የወጣ ሕግ አከራይ የእድሳት ወጪውን ከኪራይ የሚመልስበትን መንገድ ካጠበበ ወዲህ፣ አድሶ ከማከራየት ባዶ መተው የሚሻላቸው ባለቤቶች ተፈጥረዋል። ስለዚህ ዜሮ ጭማሪ የሚሰብክ ዕጩ «የጥገናው ገንዘብ ከየት?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

የእኛው አዲስ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ከሁለቱም የተለየ መንገድ ይዟል። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው፤ ውሉም በወረዳ ይመዘገባል። በወረቀት ላይ ከኒው ዮርኩ ይሰፋል፤ የሚሰናከለው ምዝገባው ላይ ነው። አከራይና ተከራይ ተስማምተው ዝቅ ያለ ዋጋ ያስመዘግባሉ፤ ልዩነቱ በእጅ ይከፈላል፤ የኪራይ ገቢ ግብሩም ይቀንሳል። ተከራዩ ሲካሰስ ግን በእጁ ያለው የተመዘገበው ውል ብቻ ነው፤ በእጅ የከፈለው የትም አይገኝም። አከራዩም ያልተመዘገበውን ብር መጠየቅ አይችልም።

ስለ ግንባታ ባጭሩ፦ ማምዳኒ በአሥር ዓመት 200 ሺህ፣ ኩሞ በአሥር ዓመት 500 ሺህ ቤት ብለዋል። የኩሞ ቁጥር ነባር ቤቶችን ማቆየትንም ስለሚጨምር ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል። የማምዳኒ ዕቅድ 100 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል፤ 70 ቢሊዮኑ ተጨማሪ ብድር ነው፤ የከተማዋን የብድር ጣሪያ የሚያነሳው ደግሞ አልባኒ ነው። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከ2005 ጀምሮ የቆጠበ ሰው ስለ ቤት ብዛት ቃል ምን ማሰብ እንዳለበት ከማንም ትምህርት አይሻም። በ2014 መጨረሻ የወጣው ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ የመረጃ ሥርዓቱ ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዟል። ስለዚህ ከ«ስንት ቤት?» በፊት «ዝርዝሩን ማን ይጠብቀዋል?» ማለት ይቀድማል።

አውቶቡስ

«ፈጣንና ነጻ አውቶቡስ» የሚለው የማምዳኒ ቃል ሁለት ቁልፍ አለው። «ነጻ» የክፍለ ግዛቱ ነው፤ አውቶቡሶቹን የሚያስተዳድረው ኤምቲኤ ተጠሪነቱ ለገዥዋ ለካቲ ሆኩል ነው። «ፈጣን» ግን የከተማው ነው፤ መንገዱን የሚያሰምረው፣ ለአውቶቡስ ብቻ የሚለየው የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የማንሃተን 14ኛው ጎዳና በ2019 ለአውቶቡስ ቅድሚያ ሲሰጥ ፍጥነቱ የተሻሻለው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቃል ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ የሚፈጸመው ግማሹ ነው፤ የሚገርመው በሰልፍ ላይ የሚጮኸው ሌላኛው ግማሽ መሆኑ ነው።

የነጻው ሙከራ ተደርጓል። ከ2023 መስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በአምስት መስመሮች፣ ከየአውራጃው አንድ፣ አውቶቡስ ያለ ክፍያ ሄደ። በሥራ ቀናት ተጠቃሚው 30 በመቶ ጨመረ፤ በሾፌሮች ላይ የሚደርስ ጥቃትም በግልጽ ቀነሰ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው በክፍያ ነውና። ፍጥነቱ ግን አልተሻሻለም፤ ብዙ ሰው ሲሳፈር ፌርማታ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ይጨምራል። በምርጫው ወቅት ዋጋው 2.90 ዶላር ነበር፤ ሁሉንም ነጻ ማድረግ በዓመት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያሳጣል። ኩሞ ነጻነቱን ለዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ብቻ ይስጥ ይላል። ለዚሁ ወገን አሁን በግማሽ ዋጋ የሚሰጥ የከተማው ፕሮግራም ስላለ የኩሞው ለመፈጸም ይቀላል፤ ጉዳቱ ብዙ ባለመብት ማመልከቻውን ሳይሞላ መቅረቱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ክርክር ስናመጣው መልኩ ይቀየራል። ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ማታ 12 ሰዓት የቆመ ሰው ችግሩ የአንበሳ ወይም የሸገር አውቶቡስ ዋጋ ከመሆኑ በፊት አለመምጣቱ ነው። ሚኒባሱም መስመሩን ቆርጦ ሁለት ጊዜ ሲያስከፍል ታሪፉ የወረቀት ዋጋ ይሆናል። ርካሽ ዋጋ ያለ መለዋወጫ የት እንደሚያደርስ ቀላል ባቡሩ አሳይቷል፦ በ2008 መግቢያ ላይ በ41 ባቡሮች፣ በ34 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ጀመረ፤ የግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር በአብዛኛው የቻይና ብድር ነበር። የቲኬቱ ገቢ ወጪውን አልሸፈነም፤ መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ባቡሮቹም አንድ በአንድ ቆሙ። የእኛ ዕጩ ስለ ትራንስፖርት ሲናገር «ስንት አውቶቡስ ይገዛል?» ከማለት «ካለው ውስጥ በቀን ስንቱ ከጋራዥ ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

የከተማው ሱቅ

ማምዳኒ በየአውራጃው አንድ፣ በድምሩ አምስት የከተማው ግሮሰሪ ለሙከራ እንዲከፈት ሐሳብ አቀረበ፤ 60 ሚሊዮን ዶላር ተባለለት። ኩሞና ስሊዋ ተቃወሙት። ቁልፉ በከተማው እጅ ነው፤ ከንቲባውና ምክር ቤቱ በበጀት ሊፈጽሙት ይችላሉ። ችግሩ የንግዱ ነው። የአሜሪካ ግሮሰሪ የተጣራ ትርፍ ከ100 ዶላር 1 እስከ 3 ዶላር ገደማ ስለሆነ፣ የከተማው ሱቅ ኪራይና ግብር ባይከፍልም ዋጋውን ብዙ ለመቀነስ ቦታ የለውም። አምስት ሱቅ በጅምላ ሲገዛም ከትልልቆቹ ሰንሰለቶች እኩል ዋጋ አያገኝም። ካንሳስ ሲቲ ከተማው በያዘው ሕንጻ የነበረው ግሮሰሪ በ2025 ክረምት ተዘግቷል።

እኛ የሸማቾች ሱቅና የእሁድ ገበያ አለን፤ ልምዱም ረዥም ነው። ስኳርና ዘይት ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ በኮታ ሲመጣ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከፊሉም በጓሮ በር ወጥቶ ነጋዴ ሱቅ ላይ በሌላ ዋጋ ይገኛል። ዋጋው ዝቅ ብሎ መጠኑ ካልበዛ ልዩነቱን የሚበላ ሰው አይጠፋም። የእሁድ ገበያው የተሻለ የሚሠራው አምራቹና ሸማቹ ስለሚገናኙና ዋጋው ከገበያው ብዙ ስለማይርቅ ነው። ዕጩው «ርካሽ ምግብ» ሲል ስንት ኩንታል፣ ከማን ተገዝቶ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚገባ ካልተናገረ ስለ ተለጠፈ ዋጋ ብቻ እያወራ ነው።

ሕጻናት ማቆያና ፖሊስን በፍጥነት እንለፋቸው። ማምዳኒ ከ6 ሳምንት እስከ 5 ዓመት ነጻ የሕጻናት እንክብካቤ ብሏል፤ ከቃሎቹ ሁሉ ውዱ ይኸው ነው። ገንዘቡ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያገኙት ላይ በሚጨመር 2 በመቶ ግብርና በኩባንያ ግብር ጭማሪ ይመጣል ተብሏል፤ ሁለቱም የአልባኒን ፊርማ ይሻሉ። በፖሊስ በኩል ኩሞ 5 ሺህ፣ ስሊዋ 7 ሺህ ተጨማሪ መኮንኖች ሲሉ ማምዳኒ ቁጥሩን ባለበት ትቶ የአእምሮ ሕመም ጥሪዎችን የሚቀበል አዲስ መሥሪያ ቤት መርጧል። እዚህ ሦስቱም ቁልፉ አላቸው፤ ልዩነቱ የምርጫ ጉዳይ ነው።

ውሃው

ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ጠረፍ ላላት ከተማ ይህ የመጀመሪያው ርዕስ መሆን ነበረበት፤ ከኪራይና ከፖሊስ አንጻር ግን ብዙም አልተወራበትም። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ ጎዳናና ወደ ምድር ባቡር ዋሻ አስገባ። በ2021 ኢዳ ሲመጣ ገዳዩ ዝናቡ ነበር፤ በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች አብዛኞቹ በምድር ቤት ክፍሎች ውስጥ የተከራዩ ናቸው። በማንሃተን ምሥራቅ ጠረፍ የሚሠራው ግንብና ከፍ ያለ መናፈሻ 1.45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የፌዴራሉ ጦር መሐንዲሶች ያቀረቡት የባሕር በሮች ዕቅድ ደግሞ 52 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ 65 በመቶው ከዋሽንግተን የሚጠበቅ ስለሆነ የትኛውም ከንቲባ ብቻውን አይፈጽመውም። ማምዳኒ 500 ትምህርት ቤቶችን ማደስ፣ አስፋልት ግቢዎቻቸውን ውሃ የሚመጥ አረንጓዴ ማድረግና በ50ዎቹ ላይ የአደጋ መጠለያ ማዘጋጀት ብሏል። ትንሽ ቢመስልም በከተማው እጅ ያለ ሥራ ስለሆነ ከሦስቱ ይህን እናስቀድማለን። ለምድር ቤት ተከራይ ግን ከማንም በቂ መልስ አልተገኘም።

ባሕር የለንም፤ ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ ግን በሐምሌና በነሐሴ ምን እንደሚያደርጉ ዳርቻቸው ላይ የኖረ ያውቃል። የወንዝ ዳር ልማቱ ዳርቻውን ያጠናክራል፤ ጎርፉን የሚያባብሰው ግን ከላይ ሰፈር የተጣለው ላስቲክና የውሃ ጠርሙስ የዘጋው ቱቦ፣ እንዲሁም ውሃ የማያሰርግ አዲስ ንጣፍ ነው። ለወረዳችሁ ምክር ቤት ዕጩ ጥያቄው አጭር ነው፦ የሰፈራችን ቱቦዎች ከግንቦት መጨረሻ በፊት በማን፣ በስንት ሠራተኛ ይጠረጋሉ፤ የወጣው ደለልስ በዚያው ቀን ይነሳል ወይስ ዳር ተከምሮ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል?