ሦስት ዓመት የያዝነው የጤና መድን ካርድ፦ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

ደሴ ላይ የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የምጠየቀው "የቱ ስልክ ይሻላል?" ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ደንበኛዬ ስልኩን እስክጨርስለት በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ "ይሄ ጤና መድን የሚሉት ነገር ያዋጣል ወይ?" አለኝ። ቀበሌ ሲቀሰቅስ "ግቡ፣ ግቡ" ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ "ብር መብያ ነው" ይባላል። መሃሉን የሚነግር የለም። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህም የምጽፈው፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደመወዝተኛ ላልሆነው የተሠራ ነው፤ ለገበሬው፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ እንደኔ በትንሽ ሱቅ ለሚኖረው። በዓመት አንዴ ለቤተሰቡ ትከፍላላችሁ፣ ካርድ ይሰጣችኋል፣ ስትታመሙ ጤና ጣቢያ በካርዱ ትታከማላችሁ። ከበድ ካለ ሪፈር ተጽፎላችሁ ሆስፒታል። መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። ለእኛ ለወሎዎች ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. በሀገሪቱ 13 ወረዳዎች ላይ ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነው። ሐይቅ ዓሣ ልትበሉ ስትሄዱ አስተናጋጁን ጠይቁት፣ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

መዋጮው በየጊዜው ከፍ ይላል። ያም ሆኖ የአንድ ሙክት ዋጋ አይሞላም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ካርዱን ባወጣን በስድስተኛው ወር፣ ልጄ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር፣ ሌሊት ሆዱን ይዞ ተነሳ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ ሆዱን ነካ ነካ አድርገው አዩትና ቶሎ ሪፈር ጻፉ። ባጃጅ ተኮናትሬ ሆስፒታል አደረስኩት። ትርፍ አንጀት ነበር። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ አራት ሌሊት ተኛ። እኔ አራቱንም ሌሊት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሳስብ የነበረው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ልጁ ብቻ አልነበረም። ስለ ሂሳቡም ነበር። ሱቅ ውስጥ ያሉትን ስልኮች በሙሉ በሐሳቤ ሸጬ ጨርሻለሁ።

ስንወጣ ሂሳብ መክፈያው መስኮት ጋ ሄድኩ። ልጅቷ ካርዱን አየችው፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ መልሳ ሰጠችኝና "ጨርሰሃል" አለችኝ።

"የት ነው የምከፍለው?"

"ጨርሰሃል አልኩህ እኮ።"

ከኪሴ የወጣው ለጓንት፣ ውጭ ለተገዛ አንድ መርፌና ለባጃጅ የከፈልኩት ብቻ ነው።

ከልጄ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ግን ከኩታበር የመጣ ልጅ ተኝቶ ነበር። አባትየው ካርድ አልነበራቸውም። ስልክ ጠጋኝ መሆኔን ሲሰሙ ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልክ አወጡና "ይቺ ስንት ታወጣለች?" አሉኝ። በእጄ ይዤ አገላበጥኳት። ዋጋዋን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። የአንድ ቀን መድሃኒት አትገዛም። "አብሽር፣ አይሽጧት፣ ለመደወያ ያስፈልግዎታል" ብዬ መለስኩላቸው። ሁለቱ ልጆች የታመሙት አንድ ዓይነት ነበር፣ ያከማቸውም ያው ሐኪም ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ብር መብያ ነው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ትዕግሥት ያጥረኛል።

አሁን ወደ መጥፎው። እናቴ ደም ግፊትም ስኳርም አለባት። በየወሩ ክትትል ትሄዳለች፣ ምርመራው በካርዱ ነው፣ ሐኪሞቹም ደህና ናቸው። ችግሩ ያለው ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። ማዘዣዋን ዘርግታ ትሰጣለች። ልጁ መደርደሪያውን ዞር ብሎ እንኳ አያይም። ማህተሙን አንስቶ ማዘዣው ላይ ያሳርፋል፤ "የለም" የሚል ማህተም። "እማማ፣ ይሄን ከውጭ ይግዙ፣ ደረሰኝ ይያዙ" ይላታል። እሷም "አፊያ ያድርግህ ልጄ" ብላው ትመጣለች። መርቃው ነው የምትመጣው! ወጪው የኔ ነው።

ባለፉት ስድስት ወራት ቆጠርኩ። የስኳሯ መድሃኒት ሜትፎርሚኑ ሦስት ጊዜ ተገኘ፣ የግፊቱ መድሃኒት አንድ ጊዜ። በደረሰኝ ብር ይመለሳል የሚባለውን ሞከርኩት። ቢሮው ሄድኩ፣ የማዘዣው ኮፒ ጎደለ ተባልኩ፤ ኮፒ ይዤ ሄድኩ፣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ነው ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሱቄን ዘግቼ መሄዱ ከመድሃኒቱ የበለጠ አከሰረኝና ተውኩት።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን የፋርማሲውን ልጅ ጠየቅኩት። ስልኩን ስለሠራሁለት አይደብቀኝም። ጤና ጣቢያው እኛን የሚያክመው በዱቤ ነው አለኝ። በየሦስት ወሩ ሂሳቡን ጠርዞ ለመድኑ ይልካል፣ መድኑ መርምሮ ይከፍላል። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድሃኒት የሚያመጣበት ገንዘብ ያጣል። የመንግሥት መድሃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ እዚሁ ደሴ ነው ያለው፣ ግን ብር ካልያዝክ ቅርብ መሆኑ ምን ያደርጋል? በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመድሃኒት ዋጋ ተሰቀለ። እኛ የምንከፍለው ግን በዓመት አንዴ የተቆረጠ ሂሳብ ነው፣ ከዋጋው ጋር አብሮ አይሮጥም። መዋጮው የሚጠራቀምበት ቋትም ሲጀመር በየወረዳው የተከፋፈለ ትንሽ ቋት ነበር፣ ብዙ ሰው በታመመበት ዓመት ቶሎ ይነጥፍ ነበር።

እዚህ ላይ ክርክሩ ይጀምራል። ባለፈው ኮምቦልቻ ዕቃ ላመጣ በሚኒባስ ስወርድ የሐረጎን ጠመዝማዛ እስክንጨርስ የተወራው ይሄው ነበር። ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም።

አንድ አስተማሪ መሰለኝ፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ "ሕክምና በግብር ነው መሆን ያለበት" አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ካርድህን ታደሰ ወይስ አልታደሰም የሚልህ የለም አለ። የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር፣ እኛ ጋ የት ደረሰ? ከፊት ያለው ነጋዴ ዞሮ "ግብር ከፍዬ፣ መድን ከፍዬ፣ መድሃኒቱንም ገዝቼ! ሦስቴ?" አለ። ሁሉም ሳቀ። ቀጠለና "እኔ ደግሞ አልታመምም፣ ለሌላ ሰው ሆድ ለምን እከፍላለሁ?" አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት፣ የቅሬ (እድር የሚባለው ነው) ዳኛ ናቸው፣ "አንተ ልጅ፣ ቅሬ ትከፍላለህ?" አሉት።

"እከፍላለሁ።"

"ሰው ሞተብህ?"

"አላህ አይበለውና፣ አልሞተብኝም።"

"እስካሁን የከፈልኩትን መልሱልኝ ብለሃል?"

ነጋዴው ዝም አለ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። አባታችን እውነት ብለዋል፣ ነገር ግን ቅሬ ሰው ሲሞት ድንኳን "የለም" ብሎ ማህተም አይመታም። ድንኳኑ ከጠፋ ዳኛው በሚቀጥለው ስብሰባ ይወርዳል። የመድኑን ድንኳን ያጠፋ ሰው የት ነው የሚወርደው? ሰውዬው ሳቁና "እሱስ ልክ ነህ" አሉኝ።

የኔ አቋም ይሄ ነው። በግብር ይሁን በመዋጮ የሚለው ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ግብሩን ራሱ መሰብሰብ ያልቻለ ሀገር ነገውኑ ሁሉን በነፃ ላክም ቢል ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። የወሊዱ፣ የክትባቱ፣ የቲቢው በነፃ መሆኑ በጣም ጥሩ ነው፣ እሱ ይቀጥል። ግን እሱም ከለጋሽ ኪስ ብዙ የሚቀዳ ነበር፤ አሜሪካ በ2017 ዓ.ም. የእርዳታ እጇን ስትሰበስብ ምን እንደተፈጠረ ያየ አይቶታል። ሀገሪቱ ለጤና ከምታወጣው ሲሶ ገደማው ደግሞ አሁንም በሽተኛው ራሱ መስኮት ላይ የሚከፍለው ነው። ይሄ ከሁሉም የከፋው አከፋፈል ነው፣ ምክንያቱም ብር ፍለጋ የምትሮጠው ሰው አልጋ ላይ ተኝቶብህ ነው። የኩታበሩን ሰውዬ አስቡ።

ለመውረጃችን ስንቃረብ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። እሱ ይበልጥ ያናድዳል። የኛ መድን ለደመወዝተኛ አይደለም። ለእነሱ የወጣው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 ነው፤ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ይከፍላሉ የተባለው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ የያዙት መንገድ ነው። እኛ ጋ "ደመወዙ ራሱ አይበቃ፣ ምን ይቆረጣል" ተባለ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። ጓደኛዬ ከደመወዙ አንድ ሳንቲም ተቆርጦበት አያውቅም። ሚስቱ ታማ ስትወድቅ ግን ከባልደረቦቹ መዋጮ ተለቀመለት፣ ቀሪውን ተበደረ። ከ3 በመቶው ያ መበደሩ በለጠበት። ደመወዝተኛ ሆኖ ከጉልት ቸርቻሪዋ ያነሰ ዋስትና ያለው ሰው ማየት ግራ ያጋባል።

ኮከቡን ለምን ቀነስኩ? አንዷን ሙሉ ኮከብ የወሰዳት "የለም" የሚለው ማህተም ነው። ግማሿን የደረሰኙ ምልልስ። ሦስት ተኩሉን የሰጠሁት ለዚያች "ጨርሰሃል" ለሚለው ቃል ነው። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፣ ካርድ ብቻውን ሐኪም አይሆንም። በ2014ቱ ጦርነት የከተማችን ጤና ተቋማት ተዘርፈው ባዶ ግድግዳ ሲቀሩ ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል ነበር።

ለመግባት ለምትፈልጉ፦ ምዝገባና እድሳቱ ጊዜ አለው። እኔ አንድ ዓመት ዛሬ ነገ እያልኩ አሳልፌው እናቴ ካርድ ክፍል "አልታደሰም" ተብላ ተመልሳለች፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ማዘዣውን ኮፒ ሳታደርጉ ለማንም አትስጡ። ለመድሃኒት ወጪ ትንሽ ብር ለብቻ አስቀምጡ፣ መድን አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ።

ሌላው፣ 18 ዓመት የሞላው ልጅ በቤተሰቡ ካርድ አይቀጥልም፣ ተጨማሪ ይከፈልለታል። የኔው በሚያዝያ 18 ይሞላዋል። ትናንት ማታ ስለ ክፍያው ስነግረው ከስልኩ ቀና ሳይል "እኔ አልታመምም" አለኝ። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቲሸርቱ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር፣ የኦፕራሲዮኑ ጠባሳ ከዚህ ድረስ ይታያል።