ሽንት ቤቱ ቀስ እያለ ውሃ ሲያፈስ፦ ጎማዋን ብቻ እንግዛ ወይስ ሙሉ ዕቃውን?

ማንም ሳይነካው የሽንት ቤቱ ታንከር ለብቻው "ሽሽሽ" ብሎ ከሞላ ውሃ እየሄደባችሁ ነው። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ የቤቱ ሰው ይለምደዋል። "ምንድን ነው የሚጮኸው?" ብሎ የሚጠይቀው እንግዳ ብቻ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የታንከሩ ውስጥ 40 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ውሃው በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር ከቀነሰ 0.6 ሊትር ሄደ ማለት ነው። በቀን 14.4 ሊትር ይሆናል። በወር ከ430 ሊትር ይበልጣል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከ20 በላይ ማለት ነው። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤት ይህን ያህል ጀሪካን ተሸክሞ ቢያመጣው ኖሮ አንዷንም አይደፋትም ነበር።

ሱቅ ስትሄዱ ሦስት ምርጫ አለ። ውሃውን ከሥር የምትዘጋውን ጎማ ብቻ መቀየር፣ የታንከሩን የውስጥ ዕቃ በሙሉ መቀየር፣ ወይም ታንከሩን ራሱን መቀየር። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው ቤት ጎማዋ ትበቃለች። ችግሩ ባለሱቁ እሷን ለብቻዋ መሸጥ አይወድም። "ጎማው ለብቻው የለም፣ ሙሉውን ውሰድ" ይላችኋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ መሳቢያውን ማገላበጥ ደክሞት ነው።

የሚያፈሰው የቱ ነው?

ክዳኑን አንሱት። ውስጡ ሁለት ዕቃ አለ። አንደኛው ማስገቢያው ነው፤ ፍሎተር ያለው፣ ውሃ ሲሞላ የሚዘጋው። ሁለተኛው መልቀቂያው ነው፤ ቁልፉን ስትጫኑ ብድግ የሚለው። የምናወራላት ጎማ ከመልቀቂያው ሥር ናት። ከመልቀቂያው ጋር አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ቆሟል። ውሃ ከልኩ ሲያልፍ በዚያ ቱቦ ወደ መቀመጫው ይወርዳል።

አሁን ማታ ታንከሩ ሲሞላ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቫልቭ ዝጉ። የውሃውን ከፍታ በእርሳስ አስምሩና ተኙ። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ከቱቦው አፍ በታች ወርዶ ከሆነ የምታፈሰው ጎማዋ ናት። ውሃው ከቱቦው አፍ ጋር እኩል ሆኖ እዚያው ቆሞ ካገኛችሁት ግን ጎማዋ ደህና ናት። ጥፋቱ የማስገቢያው ነው፤ አልዘጋም ብሎ ውሃውን በቱቦው በኩል ሲያስተርፍ ነበር። በዚህ ጊዜ ጎማ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሌሊቱን መጠበቅ ያልፈለገ ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ይጨምር። መጀመሪያ ግን ውሃው ከቱቦው አፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱን ይይ። ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ ቆይቶ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ጎማዋ ናት። (ወለሉ ከረጠበ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የሚፈተሸው በታንከሩና በመቀመጫው መካከል ያለው ወፍራም ጎማ፣ ወይም ከመቀመጫው ሥር ያለው ቱቦ ነው።)

እሷ መሆኗ ቢታወቅም ገና ሱቅ አትሂዱ። ፈረቃ ደርሶ ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ያ ደቃቅ አሸዋ ጎማዋ ላይ ከተቀመጠ አዲስም ብትሆን አትገጥምም። ቫልቩን ዘግታችሁ፣ ታንከሩን ባዶ አድርጉና መልቀቂያውን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙራችሁ ሳቡት። የብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ታንከሮች መልቀቂያ እንዲህ ይወጣል። ጎማዋን እጠቡ። የምታርፍበትን የፕላስቲክ ጠርዝም በጨርቅ ጥረጉ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ እዚያ ጠርዝ ላይም ይኖራል፤ በአቼቶ አርጥባችሁ ትንሽ ቆይታችሁ እሹት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ፕላስቲኩ ከተጫረ በኋላ ምንም ጎማ አይዘጋውም። ጎማዋ በሁለቱም በኩል ጠፍጣፋ ከሆነች ደግሞ ገልብጣችሁ አስገቧት። ያልተጎዳው ፊቷ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ምናልባትም አዲሷን እስክታገኙ ድረስ።

ጎማዋን ብቻ ስትገዙ

ጥቁሯ ጎማና ሲሊኮኗ ይለያያሉ። ጥቁሯ ርካሽ ናት። ክሎሪን ያለበት ውሃ ግን እያደር ይበላታል። በጣታችሁ ስትነኳት ጥቁር ቀለም ከለቀቀች አልቃለች። ሲሊኮኗ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለች ወይም ቀይ ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ክሎሪንን የተሻለ ትችላለች። ዋጋቸው ቢለያይም ሁለቱም ከሙሉ ዕቃው ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። ስለዚህ ሲሊኮኗ ካለች ያለ ክርክር እሷን ውሰዱ። ታንከር ውስጥ የሚቀመጥ የማጽጃ እንክብል የምትጠቀሙ ከሆነ ግን የሁለቱንም ዕድሜ ያሳጥራል። ማጽጃውን መቀመጫው ላይ አፍስሱት።

አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ አይበቃም፤ ፎቶ ልኬት አያሳይም። የውጭ ስፋቷ፣ የመሃል ቀዳዳዋና ውፍረቷ ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ውፍረቷ በትንሹ ቢበልጥ መልቀቂያው ወደ ቦታው ዞሮ አይቆለፍም። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ለአንዲት ጎማ ብሎ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መምጣቱ ካልቀረ አሮጌዋን ኪሱ ውስጥ ማድረግ አይርሳ። ከተገኘች ደግሞ ሁለት ይግዛ።

በጎማዋ ቦታ በቱቦ የሚሸጠውን የመድፈኛ ሲሊኮን ጨምቀው የሚቀቡ አሉ። አይሆንም። ያ የማይንቀሳቀስ ነገር ለመድፈን ነው፤ ይህቺ በቀን ስንት ጊዜ የምትነሳና የምትቀመጥ ናት። ቫዝሊንም አትቀቡ፣ ጎማ ያሳብጣል።

ሙሉ ዕቃውን መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ፣ ቁልፉ ተጭኖ ካልተመለሰ፣ ወይም የጎማዋ ዓይነት ከገበያ ከጠፋ። ማስገቢያውና መልቀቂያው አንድ ላይ ካረጁም እንደዚያው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሁሉም አዲስ ይሆናል። የድሮው አንድ መጠን ብቻ የሚለቅ ከነበረ ደግሞ ባለ ሁለት ቁልፉን ውሰዱ። ብዙዎቹ በትልቁ 6፣ በትንሹ 3 ሊትር ገደማ ይለቃሉ።

ጉዳቱ ሥራው ነው። ታንከሩ መቀመጫው ላይ የተቀመጠ ዓይነት ከሆነ የመልቀቂያውን እግር ለመቀየር ታንከሩ ተፈቶ መነሳት አለበት። የሚይዙት ብሎኖች ዝገው ከሆነ ሲታገሏቸው ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው። ስትገዙም የክዳኑን ቀዳዳ ስፋትና የታንከሩን ቁመት ለኩ። ውሃ የሚገባው ከጎን ነው ወይስ ከሥር? እሱንም እዩ። ጥርሱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው። ባለሱቁ "ኦሪጅናል ነው" ይላችኋል። ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ እሸጣለሁ ያለ ባለሱቅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ ፕላስቲኩን ጫን ጫን አድርጉት፣ ጎማው ለብቻው ይወልቅ እንደሆነም እዩ። ጎማው የማይወልቅ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜም ሙሉውን ልትገዙ ነው።

ደሴ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የግፊት ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት። ጦሳ ተራራ ሥር ከፍ ብሎ ያለ ቤትና ታች ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ ቤት አንድ ዓይነት ግፊት አያገኙም። ከውሃው ምንጭ 10 ሜትር ዝቅ ባላችሁ ቁጥር በግምት 1 ባር ይጨምራል። ታች ያለ ሰው፣ በተለይ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛና ግፊቱ ሲጨምር፣ ደካማ ማስገቢያ አልዘጋም ይለዋል። ቀን ደህና ሆኖ ሌሊት የሚያፈስ ታንከር ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

በሮቶ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ሮቶው ከታንከሩ 3 ሜትር ቢበልጥ ያለው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት አንብቡ። 0.5 ባር ከሚል ለእናንተ አይሆንም፤ ታንከሩ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይም በደንብ ላይዘጋ ይችላል። ለሮቶ ቤት ባለ ክንዱን፣ ረጅም ዘንግ ላይ ኳስ ያለውን የድሮውን ዓይነት እመርጣለሁ። አያምርም፣ ቦታም ይይዛል፣ ግን ክንዱ ረጅም ስለሆነ በትንሽ ግፊትም ጥሩ አድርጎ ይዘጋል።

ታንከሩን በሙሉ

ይህ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ሴራሚኩ የተሰነጠቀበት፣ ወይም ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የፕላስቲክ ታንከር ያለው። የፕላስቲኩ ከነውስጡ ስለሚሸጥ አንዳንዴ ከውስጥ ዕቃው ጋር ዋጋው ብዙም አይራራቅም፤ ያኔ ሙሉውን ቀይሩት። ሴራሚክ ግን ከራሱ መቀመጫ ጋር የተሠራ ነው። የሌላ ሞዴል ታንከር አምጥቶ እላዩ ላይ ማስቀመጥ ብሎኑም ቀዳዳውም አይገጥምም፤ ለጎማ ብላችሁ ወጥታችሁ መቀመጫ ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ።

ባለሙያ ከጠራችሁ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ በእጅ ዋጋው ብቻ ተነጋገሩ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም እንዲያስረክባችሁ ንገሩት። ታንከሩን መልሶ ሲያስር ብሎኖቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ያጥብቅ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከሄደ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅበት ይችላል።